ምን ጎደላችሁ?

«በከር? የቱ በከር?» አለች ማናለብሽ፣ ከቲማቲሙ ክምር ቀና ሳትል።

«ልብስ ሰፊው» አለ ሰውየው። «የወጣቶቹ ቴኒስ ክበብ ሰብሳቢ።»

ቦርሳ በትከሻው አንግቷል፣ አንገቱ ላይ ባጅ ተንጠልጥሏል፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ ለመጻፍ ተሰናድቷል። ማናለብሽ ይችን ይችን አይታ ጨርሳለች። በዚያ ሰሞን የቀን ገቢ ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» ይሉ ነበርና፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስር ያለ ባለሱቅ ሁሉ ዕቃውን ወደ ጓዳ፣ ፊቱን ወደ ሐዘን አዙሮ ነበር የከረመው።

«ውይ፣ እሱን ነው?» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «እሱማ ምን ቀረው ብለህ ነው ወንድሜ! የስፌት መኪናው ከተሰበረ ወር አለፈው። ወገቡን ያመዋል። ዓይኑም መርፌ አላይ ብሎታል። እኛ ጎረቤቶቹ ነን በሽንኩርትም በቲማቲምም የምንደግፈው።»

በከር ይህን ሁሉ ይሰማል። የእርሱና የእርሷ ሱቅ በአንዲት ስስ ግድግዳ ነው የሚዋሰነው። ከተሰቀሉት ልብሶች ኋላ፣ እግሩን ከደህናው የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አንስቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። የተደራረበ መከራውን ሲሰማ ሆዱ ባባ፤ ለራሱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«አሁን የት ይገኛል?» አለ ሰውየው፣ እየጻፈ።

«ለቅሶ ሄዷል። ወሎ።»

ስልጤ ተወልዶ ያደገው በከር፣ አንድም ዘመድ ወደሌለው ወሎ መላኩ ትንሽ ቅር አሰኘው።

ሰውየው ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። «ሲመጣ ይችን ይስጡልኝ» ብሎ አንዲት ካርድ አቀበላትና ወደ ታክሲው ተራ ሄደ። ማናለብሽ እስኪርቅ ጠብቃ ግድግዳውን በጡጫ መታች።

«ውጣ፣ ሄዷል! እግሬ ላይ ወድቀህ አመስግነኝ። አስለቅሼ ነው የመለስኩት።»

በከር ወጥቶ ካርዷን ተቀበላት። አነበባት። ደግሞ አነበባት። ከዚያም ባዶ የቢራ ሳጥን ፈልጎ ተቀመጠ።

«ማኔ።»

«ወይ።»

«ይሄ የግብር ሰው አይደለም። ከማዕበል ነው።»

ማዕበል ማለት ያው ሰማያዊ ማሊያ የሚለብሰው የእግር ኳስ ክለብ ነው። ደጋፊው ስቴዲየሙን ሞልቶ የሚተርፍ፣ ሲያሸንፍ የልደታ ታክሲዎች ጡሩምባቸውን የማያቆሙለት። ክለቡ በቅርቡ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን አቋቁሞ፣ በየሰፈሩ ወጣቶችን ስፖርት የሚያሠሩ ክበቦችን ሊደግፍ ነው ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር በከር ሰምቶ አመልክቶ ነበር። የማዕበል ደጋፊ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ኳስ ብዙም አይገባውም። ያመለከተው ክፍሉ ሊያመልጠው ስለሆነ ነው።

ክፍሉ ግቢው መሐል ያለው የጋራ መገልገያ ቤት ነው። ሕንጻውን የሠሩት ሰዎች፣ ነዋሪው በዓል ሲመጣ በጉን በወረፋ እዚያ ያርዳል ብለው አስበው ነበር። ነዋሪው ግን በጉን ደረጃው ስር ማረዱን መረጠና ቤቱ ባዶውን ቀረ። ያኔ ነው በከር፣ ትምህርት ሲለቀቅ ደረጃ ለደረጃ ሲተራመሱ የሚውሉትን ልጆች አይቶ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ያስጀመራቸው። ጠረጴዛው ሁለት በር ነው። መንግሥት የገጠመው በር አልጥም ብሏቸው በተሻለ የለወጡ ነዋሪዎች የጣሏቸው፣ በአራት በርሜል ላይ የተጋደሙ በሮች። መረቡን በከር ከአሮጌ አጎበር ሰፋው። መምቻዎቹ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጡ፣ በጎማ ከመነዳሪ የተለበጡ ናቸው። ከበሮቹ አንዱ የቁልፍ ቀዳዳው እንዳለ ስለነበር ሕግ ወጣለት፦ ኳሷ ቀዳዳው ላይ ካረፈች ነጥቡ ይደገማል። በዚህ ሕግ ሀያት የምትባል ልጅ ግቢውን ሙሉ ረትታ «የበር ሻምፒዮን» ተብላለች።

አሁን ግን የቤት ባለቤቶች ማህበሩ ለውሃ ፓምፑና ለጥበቃዎቹ ገንዘብ አጥሮት ክፍሉን ሊያከራየው ነው። አንድ የሴራሚክ ነጋዴ መጋዘን ሊያደርገው መጥቶ ሁለት ጊዜ በሜትር ለክቶታል። የማህበሩ ሊቀመንበር ጋሽ አስፋው፣ በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ጡረታ የወጡ ሰው፣ ለበከር እንዲህ ብለውት ነበር፦ «እስከ ግንቦት መጨረሻ ኪራዩን የሚችል ደጋፊ አምጣ። ካመጣህ ልጆቹ ይቀመጣሉ። ካላመጣህ ግን እኔ ብቻዬን ኮሚቴውን ልይዘው አልችልም። ቀጠሮ የለውም።»

ደጋፊው መጥቶ ነበር እንግዲህ። ማናለብሽ ናት የመለሰችው።

በማግስቱ በከር፣ ደንበኛ አሰፍቶ ሳይወስደው የከረመ ኮት ለብሶ ወደ ማዕበል ፋውንዴሽን ቢሮ ሄደ። ጴጥሮስ፣ የትናንቱ ባለ ባጅ፣ ከላይ እስከ ታች አየው። ወገቡ ቀጥ ያለ ነው። ዓይኑም ይሠራል።

«ለቅሶው እንዴት ነበር?» አለ።

«ተመስገን» አለ በከር፣ ሳያስበው። ከዚያ አፈረና እውነቱን ተናገረ። የግብሩን ነገር፣ የማናለብሽን ደግነት፣ ስልጤና ወሎም የተለያዩ መሆናቸውን።

ጴጥሮስ ሳቁን ዋጠ። «ግድ የለም። ሐሙስ የቦርድ አባላችን ወይዘሮ ወለተሥላሴ ራሳቸው መጥተው ያያሉ። ውሳኔው የሳቸው ነው። ግን አደራዎን፣ አቶ በከር፣ ምንም አታዘጋጁ። ያለውን እንዳለ ነው ማየት የሚፈልጉት።»

«እሺ» አለ በከር።

ይህን «ምንም አታዘጋጁ» ይዞ ግቢ ሲገባ ማናለብሽ ከነጉጉቷ ጠበቀችው። ነገራት።

«ምንም አታዘጋጁ አለ?»

«አዎ።»

«እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» አለች፣ ደረቷን ይዛ። «ታዲያ በግ ነው ወይስ ዶሮ የሚሻለው?»

በእርግጥ የሷ ጥፋት ብቻ አይደለም። ልደታ ውስጥ እንግዳ «ምንም እንዳትቸገሩ» ሲል ቃል በቃል የሚወስድ ሰው ቢገኝ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ምን ነካው ይለዋል። በከርም ያንኑ ያውቃል። ሆኖም ትንሽ ተከራከረ።

«ማኔ፣ ሰዎቹ ችግራችንን ነው የሚያዩት። በሩን ይዩት። መረቡን ይዩት።»

«እኔ እያለሁ?» አለች። «ማዕበልን የሚያህል ክለብ መጥቶ በር ላይ ነው የምንጫወተው ልትል ነው? ቤትህ እንግዳ ሲመጣ የተቀደደውን ፍራሽ አውጥተህ ታነጥፋለህ? በልደታ ይዤሃለሁ በከር፣ ያን ቀን ያበላሸሁትን እኔ ልካሰው። ተወኝ።»

ሀያት ጠረጴዛ ከሆነው በር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። «ኮች፣ በሩን ካነሱት እኔ አልጫወትም» አለች።

«አንቺ ደግሞ! ሻምፒዮን ከሆንሽ የትም ትጫወቻለሽ» አለቻት ማናለብሽ።

ዘመቻው እንዲህ ተጀመረ። ከገማቾቹ የተደበቀው ዕቃ ሁሉ ከየጓዳው ወጣ። መቼም ያ ሰፈር በአንድ ወር ውስጥ እንደዚያ ደህይቶ እንደዚያ የከበረበት ጊዜ የለም። ከሦስተኛ ፎቅ ምንጣፍ ወረደ። ከአምስተኛ ፎቅ ሶፋ ወረደ፤ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ ግማሽ ቀን መንገድ ዘጋ። የማናለብሽ ዘመድ ዘበኛ ከሆነበት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ክበብ እውነተኛ የቴኒስ ጠረጴዛ፣ አረንጓዴ፣ ባለ ጎማ እግር፣ ለአንድ ቀን ተብሎ በአይሱዙ መጣ። ሁለቱ በሮች ጋሽ አስፋው ኮሪደር ላይ ተደገፉ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አሉ ጋሽ አስፋው።

«ጠረጴዛው ነው» አለ በከር፣ መሬት መሬት እያየ።

«ማስረጃውን እኔ ቤት እየደበቃችሁ ነው ማለት ነው።»

በከርስ ቢሆን? መጀመሪያ ይከራከር የነበረው ሰውዬ፣ ልጆቹ በየቤታቸው ካናቴራ ሊቆሙ መሆኑን ሲያስብ የሰፊነት ልቡ አልችል አለ። እንግዳ ፊት ጠርዙ የተፈታ ልብስ? ከሱ ሱቅ? ለደንበኛ ያስቀመጠውን ሰማያዊ ጨርቅ ቀደደና ለሁሉም ሰፋ። ተኮሰ። ኮሌታ አወጣለት። ጨርሶ ሲያያቸው ራሱም የማዕበልን ቡድን ያሰለፈ መስሎ ተሰማው።

ሐሙስ መጡ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ረጅም፣ በወጣትነታቸው ቅርጫት ኳስ የተጫወቱ፣ አሁንም በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ሴት ናቸው። ጴጥሮስ ከኋላቸው ነው። ምንጣፉን አየ፣ ሶፋውን አየ፣ በመጨረሻ በከርን አየው። በከር ጣሪያውን አየ።

ሀያት እንድትጫወት ተደረገ። አረንጓዴው ጠረጴዛ ግን እንደ በሩ አይደለም። ኳሷ ትነጥራለች፤ ቀዳዳ የለ፣ ስንጥቅ የለ፣ የምታውቀው ነገር የለ። የበር ሻምፒዮኗ በሁለት ዓመት ታናሿ በሆነ ልጅ ተሸንፋ መምቻዋን አስቀመጠች። «ደግ ናት፣ ለታናሿ ለቀቀችለት» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ ደስ ብሏቸው። ጠረጴዛውንም በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይሄ እኮ እኛ ክለብ ካለው ይሻላል» አሉ።

ከዚያ ምግቡ መጣ። የእንግዶቹ ሃይማኖት ስላልታወቀ ሁለት ድስት ነው የተሠራው፤ የክርስቲያኑ በማናለብሽ፣ የእስላሙ በሀያት እናት በወይዘሮ ሸምሲያ። ትንሳኤ ካለፈ ብዙም ስላልቆየ ጾም የሚባል ማምለጫ የለም። ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ «ኧረ በልተን ነው የመጣነው» አሉ። ማናለብሽ «በሞቴ!» አለች። «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» አሉ። «በልጆቹ ሞት!» አለች ወይዘሮ ሸምሲያ። «ተዉ እንግዲህ አታስቸግሩኝ» እያሉ እጃቸውን ታጠቡ። አበላላቸው የጠገበ ሰው አበላል አልነበረም።

ሳህኑ ገና ከፊታቸው ሳይነሳ ወይዘሮ ወለተሥላሴ እጃቸውን ጠራርገው ማስታወሻቸውን ከፈቱ።

«እንግዲህ አቶ በከር» አሉ። «ይንገሩኝ። ምን ጎደላችሁ?»

በከር መልሱን ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠና ነው የከረመው፤ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ለመኪናው ይነግረው ነበር። ክፍሉ ሊወሰድብን ነው። ኪራዩን የሚችልልን አጣን። መምቻ የለም፣ ኳስ የለም፣ ጠረጴዛ የለም። ቃሉ ሁሉ አፉ ላይ ነበረ። ግን ሰው እቤትህ መጥቶ፣ እህልህን ጎርሶ፣ አጥንቱ ገና ሳህኑ ላይ እያለ «እንዴት ናችሁ?» ሲል፣ እንዴት ተደርጎ ነው «ቸግሮናል» የሚባለው? ማናለብሽ ትሪ እንደያዘች ቆማለች። ወይዘሮ ሸምሲያ ነጠላዋን አስተካከለች። ልጆቹ ኮሌታቸውን አቅንተዋል።

«አልሃምዱሊላህ» አለ በከር። «ተመስገን ነው። ምን ይጎድለናል?»

«እናንተ ከመጣችሁልን ምን ይጎድለናል!» አለች ማናለብሽ።

ጋሽ አስፋው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ትንሽም ቢሆን?» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

እዚህ ላይ በከር ልቡ ተረጋጋ። ደገሙ፤ ደግ ሴት ናቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ባለጌ ነው። ለሁለተኛው እሺ የሚል ስስታም ነው። በሦስተኛው ነው ሰው «እንግዲህ ካሉኝስ» ብሎ ሆዱን የሚከፍተው። እሳቸውም በወጡ ያደረጉት ይህንኑ አይደል?

«ኧረ ምንም፣ ምንም አልጎደለንም» አለና፣ «ካሉኝስ» የምትለዋን ጉሮሮው ላይ አሰናድቶ ሦስተኛውን ጠበቀ።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጻፉ። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉ። ማስታወሻውን ዘጉት። ተነሱ፣ ሁሉንም ጨበጡ፣ ሀያትን ሳሙ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ወጡ። ጴጥሮስ ወደ ኋላ ዞሮ በከርን አንድ ጊዜ አየውና ተከተላቸው። የመኪናቸው ድምፅ እስኪጠፋ በከር ቆሞ ነበር።

«ኮች፣ ለምን አልነገሯቸውም?» አለች ሀያት።

«ይደግሙታል ብዬ ነው።»

«ደገሙት እኮ!»

«አንዴ ነው የደገሙት» አለ በከር። «አንዴማ ማንም ይደግማል።»

በማግስቱ ታክሲ ላይ ተንጠልጥሎ ቢሮ ሄደ። ጴጥሮስን ከወንበሩ ሳይነሳ ያዘውና ሁሉንም አፈሰሰለት። ጠረጴዛው የተውሶ፣ ሶፋው የተውሶ፣ ምንጣፉ የተውሶ። የራሳቸው የነበረው ወጡ ብቻ ነው፤ እሱም በመዋጮ።

ጴጥሮስ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «አቶ በከር፣ ምንም አታዘጋጁ ብዬዎት አልነበር?»

«ከልብዎ ነው እንዴ ያሉት?»

«ከልቤ ነው!»

«እኛ ደግሞ ከጨዋነት መስሎን።»

«ይስሙኝ» አለ ጴጥሮስ። «መጀመሪያ ስመጣ ሰውየው ሽንኩርት የሚበላው በጎረቤት ነው ተባልኩ። ሁለተኛ ስመጣ በሁለት ድስት አበላችሁኝ። እኔ የቱን ልጻፍ?»

በከር አሰበ። «መሐሉን» አለ።

«መሐሉ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ደግሞም ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሪፖርቱን ትናንት ማታውኑ አስገብተዋል። በጣም ነው የወደዷችሁ። ድጋፉን ለባሰበት ሰፈር አዙረውታል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለናንተም ያሰቡላችሁ ነገር አለ። ይጠብቁ።»

በከር «ያሰቡላችሁ ነገር አለ» የምትለዋን ይዞ ተመለሰ። ለጋሽ አስፋው ነገራቸው። እሳቸውም፣ «የታሰበውን ነገር አምጣና ለኮሚቴው አቀርባለሁ። በሐሳብ ግን ፓምፕ አይጠገንም» አሉት። ማናለብሽ ለልደታ ማርያም ጧፍ ተሳለች። አረንጓዴው ጠረጴዛ ወደ ሠራተኞቹ ክበብ ተመለሰ፤ በሮቹ ከጋሽ አስፋው ኮሪደር ወረዱ፤ ሀያት እንደገና ማሸነፍ ጀመረች። በከር በየቀኑ አመሻሽ ላይ መኪናውን ዘግቶ እዚያ ይቆማል። ልጆቹ «ቀዳዳ! ቀዳዳ! ይደገም!» እያሉ ሲጯጯሁ ይሰማና፣ የታሰበልን ነገር መቼ ነው የሚመጣው እያለ ወደ ግቢው መግቢያ ያያል።

ግንቦት አለቀ። እሁድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። በከር ውሳኔውን ለመጠየቅ ድፍረት አጣ። ሰኞ ጠዋት ጴጥሮስ መጣ።

በብብቱ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ሰፋ ያለ ነገር ይዟል። ማናለብሽ ከሩቅ ስታየው እልል ማለት ዳዳት። በከርም ከሱቁ ወጣ፤ ጋሽ አስፋው ከደረጃው ወረዱ። ወረቀቱ ሲቀደድ ባለ መስታወት፣ ባለ ወርቅማ ፍሬም የምስክር ወረቀት ብቅ አለ። በሰማያዊ ማኅተም የደመቀ። ጋሽ አስፋው መነጽራቸውን አድርገው፣ በችሎት እንደለመዱት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦

«ያለማንም ድጋፍ ራሱን ችሎ በአርአያነት ለቆመ ሞዴል የወጣቶች ማዕከል፣ ከማዕበል ፋውንዴሽን የተሰጠ።»

ማናለብሽ ሌላ ነገር ይኖርበታል ብላ ቡናማውን ወረቀት አገላበጠችው።

«እና» አለ ጴጥሮስ፣ ጫማውን እያየ፣ «በሚቀጥለው ወር ድጋፍ ያገኙት ክበቦች ለልምድ ልውውጥ እናንተ ጋ ይመጣሉ። ወይዘሮ ወለተሥላሴም አብረው ይመጣሉ።»

«ምሳ ይበላሉ?» አለች ማናለብሽ።

«ማናለብሽ!» አለ በከር።

«ኧረ እንዲያው ለማወቅ ነው።»

«በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማመልከት እንችላለን?» አለ በከር ለጴጥሮስ።

«ሞዴል የተባለ ክበብ አያመለክትም። ሌላውን ያስተምራል እንጂ።» ጴጥሮስ እጁን ዘረጋ። «ይቅርታ፣ አቶ በከር። ከልቤ ነው። ይሄንንም ከልቤ ነው ያልኩት።»

ከሄደ በኋላ ሦስቱ ፍሬሙን ከበው ቆሙ። መስታወቱ ላይ የፎቁ ደረጃና የሦስቱም ፊት ይታያል። በከር በእጅጌው መስታወቱን ወለወለው። አንድ ጥግ ላይ ጣት አርፎበት ነበር፤ ደግሞ ወለወለው። መቼም የተሰጠ ነገር ነው፣ መሬት አይጣል። ልጆቹስ ቢያዩት ደስ አይላቸውም? በትክክል ከመረቡ በላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ሲገቡ ፊት ለፊት የሚያዩት ግድግዳ አለ።

«ጋሽ አስፋው» አለ፣ ፍሬሙን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ። «ክፍሉ ውስጥ ብንሰቅለው ምን ይመስልዎታል?»

ጋሽ አስፋው መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠፉ፣ ኪሳቸው ከተቱ።

«እሱን እንግዲህ» አሉ፣ «ተከራዩን መጠየቅ ነው።»